በጫማ ወረቀት ላይ የተራመደች ግመል

ፊልም እያያችሁ ስልካችሁ በድንገት ቀጥ ብሎ ቆሞባችሁ ያውቃል? ድምፁ ይቋረጣል፣ ሥዕሉ ባለበት ይቀራል፣ እናንተም ስክሪኑን በጣታችሁ ደጋግማችሁ ትነካካላችሁ። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው በስልኩ ይናደዳል እንጂ የቆመውን ሥዕል አያየውም። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አንድ ቀን ግን ሥዕሉን አየሁት፤ ከዚያ ወዲህ ካርቱን እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም።

ነገሩ የሆነው ከቶጎጫሌ ወደ ጅግጅጋ በሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከኮሮናው በኋላ ጅግጅጋ ተመድቤ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር፤ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ያከራዩኝ ሴት ከወልቂጤ አካባቢ መጥተው ከተማው ውስጥ የጫማ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ናቸው፤ እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማ ሊያመጡ ቶጎጫሌ ሲወርዱ ካርቶን የሚያነሳላቸው ሰው ይፈልጋሉ፣ እኔ ደግሞ ድንበሩን ለማየት እጓጓ ነበር። ስንመለስ ሚኒባሱ ኬላው ላይ ለፍተሻ ቆመ። ወረፋው ረጅም ስለነበር ስልኬን አወጣሁ። ሚሞሪ ከሚሞሉት ልጆች ያስጫንኳቸውን ፊልሞች አይቼ ጨርሻለሁ። የቀሩኝ ልጆቹ ባዶ ቦታ ለመሙላት የጨመሯቸው ጥቁርና ነጭ የድሮ ካርቱኖች ብቻ ነበሩ። አንዱን ከፈትኩ። አንድ ውሻ ኮፍያ ያደረገ ፖስተኛ ያሳድዳል። ውሻው መሮጥ ሲጀምር ስልኬ ቆመ።

ስክሪኑ ላይ የቀረው ውሻ አራት እግር አልነበረውም። ከሆዱ ሥር እንደ ጎማ ክብ የሆነ ጭረት አለ፤ ከጭረቱ ዙሪያ ደግሞ ለመቁጠር የሚያስቸግሩ እግሮች በየአቅጣጫው ወጥተዋል። አፍንጫው እንደ ማስቲካ ተለጥጦ ከፊቱ ቀድሞ ሄዷል። እትዬ ከጎኔ አንገታቸውን አስግገው አዩና፣ "ይሄ ውሻ ነው በረሮ?" አሉኝ።

ስልኩን አጥፍቼ አስነሳሁትና ያንኑ ቦታ ደግሜ አየሁ። ሲሮጥ ደህና ውሻ ነው፤ አራት እግር፣ አንድ አፍንጫ። አቆምኩት። እንደገና በረሮ ሆነ። ፍተሻው አልቆ ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ እንኳን አልታወቀኝም፤ እትዬ ናቸው "ጫማዬን ረግጠኸዋል" ብለው ያነቁኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ፤ ማብራራት ደግሞ እወዳለሁ። በእጅ የተሠራ የድሮ ካርቱን ማለት አንድ በአንድ ወረቀት ላይ የተሳሉ ሥዕሎች በፍጥነት ሲያልፉ ማለት ነው። በአንድ ሴኮንድ ሃያ አራት ምስል በዓይናችን ፊት ያልፋል። ሠዓሊዎቹ ብዙውን ጊዜ አንዱን ሥዕል ሁለት ሁለቴ ስለሚያሳዩት በሴኮንድ አሥራ ሁለት ሥዕል ይበቃቸዋል። ዓይናችን አንዱን ከሌላው ያገናኘዋል። ሠዓሊው ታዲያ ያችን አንዷን ሥዕል ማንም ቆሞ እንደማያያት ያውቃል። ስለዚህ በእሷ ላይ የሣለው ውሻውን ሳይሆን ሩጫውን ነበር። ይህን የተረዳሁት ያን ቀን ኬላው ላይ፣ በእትዬ ጫማ ካርቶኖች መሃል ተጨናንቄ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርቱኖቹን መማሪያ አደረግኳቸው። ፊልምን አንድ ምስል በአንድ ምስል የሚያራምድ አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩ። ሥርዓት ስለምወድ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አላየሁም። አንድ ሰሞን እግር ብቻ አየሁ፣ ሌላ ሰሞን ጆሮ ብቻ። ውሻው ወደ ላይ ከመዝለሉ በፊት ሁልጊዜ ወደ ታች ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ባይል ኖሮ ዝላዩ ከየት እንደመጣ አናምንም ነበር። የወደቀ ኳስ መሬት ሲነካ እንደ ቂጣ ይጠፈጠፋል፣ ሲነሳ ይረዝማል። ጭንቅላቱ ሲዞር ጆሮዎቹ አብረው አይዞሩም፤ ዘግይተው ይደርሳሉ፣ ጭንቅላቱ ቆሞ እንኳን እነሱ ትንሽ ይወዛወዛሉ። አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉም አሳቀኝ። ፖስተኛው ሲሮጥ ከጀርባው የሚያልፈው ቤት አንድ ቤት ነው። ያው መስኮት፣ ያው የተሰበረ አጥር፣ ያው በረንዳ ላይ የተሰጣ ካልሲ እየዞረ ይመለሳል። ሰውየው በዚያች አንዲት ቤት ፊት ሲሮጥ ይኖራል፣ እኛ ግን ከተማውን ያቋረጠ ይመስለናል። ይህቺን ቤት አስታውሱልኝ፤ በኋላ ታስፈልገናለች።

ካርቱኑ ወደ ትምህርት ቤቴ የገባው በልብ በኩል ነው። ስለ ደም ዝውውር ሳስተምር ሰሌዳው ላይ ልብ ሣልኩና ደሙ የሚሄድበትን በቀስት አመለከትኩ። አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ "ቲቸር፣ ቀስቱም ልባችን ውስጥ አለ?" አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔ ግን ጥያቄው ትክክል መሆኑ ገባኝ። የቆመ ልብ አሳይቼ ስለሚመታ ልብ ነበር የማወራው። በማግስቱ ደብተር ጥግ ላይ፣ ገጽ በገጽ፣ የሚጨመቅና የሚለቀቅ ልብ ሥዬ መጣሁ። ገጾቹን በአውራ ጣት ለቀቅ ለቀቅ ሲያደርጓቸው ልቡ መታ። ለማየት ተሰለፉ። የአኒሜሽን ክበባችን የተመሠረተው በዚያ ሰልፍ ላይ ነው ማለት እችላለሁ።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ድሮ ቤተ መጻሕፍት የነበረ ባዶ ክፍል አለ። ትልቅ መስኮቱ ወደ ካራማራ ተራራ የዞረ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስታወቱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ትገባለች። ለእኛ ሥራ ከዚህ የተሻለ ክፍል አይገኝም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። አንዱን ሥዕል ከሌላው ትንሽ ብቻ ለመለወጥ የፊተኛውን ከሥር ማየት ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ብርሃንና ስስ ወረቀት ይፈለጋል። ብርሃኑ ከመስኮቱ ተገኘ። ወረቀቱ ከእትዬ ሱቅ። ከቶጎጫሌ በሚመጡት የጫማ ካርቶኖች ውስጥ፣ ጫማው ቅርፁን እንዳይለቅ የሚጠቀጠቅ ነጭ ስስ ወረቀት አለ፤ ካርቶኑ ሲከፈት ተጨማዶ ይጣላል። ሰብስበን በመጠኑ በሞቀ ካውያ ተኮስነው። እትዬ ግቢያቸው ውስጥ ወረቀት ስተኩስ ባዩኝ ቁጥር፣ ጫማ ሳይገዛ ወረቀቱን ብቻ የሚወስድ ደንበኛ እኔን ብቻ እንዳዩ ለጎረቤቶቻቸው ይነግሩ ነበር። ሸሚዜ እንደተጨማደደ መሆኑንም አይረሱም። መስኮቱ ሥር ሁለት ምስማር የተመታበት ጣውላ አኖርን፣ ወረቀቶቹን በሳን፣ ምስማሮቹ ላይ ሰካናቸው። አሁን ሥዕሎቻችን አንዱ ባንዱ ላይ ሳይዛነፉ ይቀመጣሉ። የተሳሉትን ለማንሳት ስልኬን ከተገለበጠ ወንበር እግር ጋር በጨርቅ አስረን ወደ ታች እንዲያይ አደረግነው።

ርዕሰ መምህራችን አንድ ከሰዓት መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ከትንሽ መንደር ተነስተው ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ፣ ነገር በአጭሩ የሚናገሩ የአካባቢው ሶማሌ ናቸው። አዲሶቹ የመማሪያ መጻሕፍት መጥተው በረንዳ ላይ ሸራ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ዝናቡ ደግሞ እየቀረበ ነው። ክፍሉን ለመጋዘን ይፈልጉታል። እኔ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ደም ዝውውር ብዙ አብራራሁ። ታግሠው ሰሙኝ። ልቡንም አሳየኋቸው።

"መምህር፣ ስታብራራ ደስ ይላል" አሉ። "ግን ልብን ማን አይቶት ያውቃል? ልክ ይሁን ስህተት ወላጅ በምን ያውቃል?"

ከዚያ ውሳኔያቸውን ነገሩኝ። መጻሕፍቱ እስከ ወላጆች ቀን ድረስ በረንዳው ላይ ይቆያሉ። በዚያ ቀን ወላጅ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር በወረቀታችን ላይ ከተራመደ ክፍሉ የክበቡ ነው፣ ለመጻሕፍቱ ሌላ ቦታ ይፈልጋሉ። ካልተራመደ በማግስቱ ጠዋት መጻሕፍቱ ይገባሉ። ፍትሐዊ ነበር። እንዲህ ያለ መስኮት ያለው ሌላ ክፍል በግቢው ውስጥ እንደሌለ ግን እኔም ልጆቹም እናውቃለን፤ ክፍሉ ከሄደ ክበቡም ሄደ።

ምን እንሣል ብለን ተሰበሰብን። አንዱ ባጃጅ አለ፤ ባጃጅ አይራመድም ተባለ። ሌላው ርዕሰ መምህሩን እንሣል አለ፤ ይህን ሐሳብ በቶሎ አለፍነው። በመጨረሻ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ "ግመል" አለች። ቤተሰቦቿ ሸደር አጠገብ ግመል ያረባሉ፤ እሷ አክስቷ ዘንድ ሆና ጅግጅጋ ትማራለች። ብዙ አታወራም፣ እጇ ግን አይንቀጠቀጥም፤ ከሁላችንም የተሻለ መስመር የምታወጣው እሷ ነበረች። ግመል ሲባል የተቃወመ የለም። በየቀኑ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል የሚያልፍ እንስሳ ነው፤ ማን ይሳሳታል?

ሁላችንም ተሳሳትን። እንዴት እንደሆነ ላስረዳ።

በካርቱኑ ውስጥ ማሳደዱ ከመጀመሩ በፊት ውሻው አፍንጫውን ሰቅሎ በመንገድ ላይ እየተንጎራደደ ይመጣል። እጅግ የሚያምር አረማመድ ነው። ከልጆቹ ጋር ያን ቦታ አንድ በአንድ እያቆምን አጠናነው፤ እግሮቹ የት እንዳሉ በየሥዕሉ ወረቀት ላይ ገለበጥን። የፊት ቀኝ ሲነሳ የኋላ ግራ አብሮ ይነሳል፣ ቀጥሎ በተቃራኒው። በነዚያ እግሮች ላይ ልጅቷ ረጅም አንገት፣ ሻኛ፣ የተንጠለጠለ ከንፈር ሠራች። ከስክሪኑ ጫፍ እስከ ጫፍ የምትጓዝ ግመል ልንሠራ ስለፈለግን ብዙ ሥዕል ወሰደብን፣ የተተኮሰው ወረቀትም ወደ ማለቁ ደረሰ። አንስተን ስናጫውተው ግመሏ ተንቀሳቀሰች። አንዱ ልጅ ስልኬን ሳመው። የወላጆች ቀን ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ርዕሰ መምህሩን በኩራት ጠራናቸው።

መነጽራቸውን አደረጉና አዩ። እንደገና እንዲጫወት ጠየቁ። እንደገና። ከዚያ ስልኩን መለሱልኝ።

"ይህ ግመል አይደለም" አሉ። "የግመል ቆዳ የለበሰ ውሻ ነው።"

ልጆቹ ሳቁ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቃቸውን ዋጡ። ምኑ እንደተበላሸ ጠየቅኳቸው፤ ሻኛው ልክ ነው፣ አንገቱ ልክ ነው ብዬ ለማብራራት ሞከርኩ። እሳቸውም ሻኛውና አንገቱ ልክ እንደሆነ ተስማሙ። ምኑ እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ይህን ወላጅ ፊት ብታወጡ ሳቁ በእናንተ ላይ ነው የሚሆነው ብለው ሄዱ። ልጅቷ መስኮቱ ጋ ቆማ ወረቀቶቹን ከምስማሩ ላይ ነቅላ ደረደረቻቸው።

ያን ቀን ሁላችንም ግመል እናውቃለን ብለን ያሰብን ሰዎች አንድ ጥያቄ መመለስ አቃተን፤ ግመል ስትሄድ መጀመሪያ የትኛው እግሯ ይነሳል? አንዱ ይህን አለ፣ ሌላው ያን። ከግመል ጋር ያደጉት ልጆች እንኳን እርስ በርስ ተከራከሩ። በማግስቱ ልጅቷ ክፍል ሳልገባ በፊት በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ቲቸር፣ ውሻውን አቁመን ነው ያየነው" አለች። "ግመልን ግን አቁመን አይተን አናውቅም።"

ስንት ዓመት ባስተምርም ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰጥም ነበር። እኔ ከካርቱኑ የውሻውን እግር ወስጄ ነበር፤ እሷ የወሰደችው አቁሞ ማየቱን ነው። ከሰዓት በኋላ ክበቡን ይዤ ከከተማው ዳር ወዳለው ከብት ተራ ሄድኩ።

ግመሎቹ በአቧራው ውስጥ እየተነዱ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። እኛ በጎን በኩል ተንበርክከን በስልክ መቅረጽ ጀመርን። አንድ ሽርጥ የታጠቁ ሻጭ ግመላቸውን እየሳቡ መጥተው በሶማልኛ የሚገዛው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ልጅቷ ማንም አይገዛም፣ እግሯን ልናይ ነው የመጣነው አለቻቸው። ሰውየው በጣም ቅር አላቸው። እግሯ ጤነኛ እንደሆነ፣ ከዚህ እስከ ድንበሩ ሄዳ ብትመለስ እንደማታነክስ ነገሩን፤ አላምን ካልን ብለው በፊታችን ወዲያና ወዲህ አስኬዷት። እኛ የምንፈልገው ይህንኑ ነበር። እየቀረጽን አመሰገንናቸው። ስንሄድ ለጎረቤታቸው፣ አስተማሪው ጠንቃቃ ገዢ ነው፣ ነገ ይመለሳል ሲሉ እንደነበር ልጅቷ በመንገድ ላይ እየሳቀች ተረጎመችልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ክፍላችን ተመልሰን ስልኩን ከበብን። አንድ ምስል፣ አንድ ምስል፣ አንድ ምስል። የኋላ ቀኝ ተነሳ። ወዲያው የፊት ቀኝ ተከተለው፤ ሁለቱ አብረው በአየር ላይ ናቸው። ግራዎቹ ሁለቱ መሬት ላይ ናቸው። ቀጥሎ የኋላ ግራ፣ የፊት ግራ። ግመል እንደ ካርቱኑ ውሻ በመስቀለኛ አትራመድም፤ የአንድ ጎን እግሮቿን አብራ ታነሳለች። በግመል ጀርባ የተጓዘ ሰው እንደ ጀልባ ግራና ቀኝ የሚወዛወዘው ለዚህ ነው። ሁለት ልጆች አንዱ ካንዱ ኋላ ቆመው፣ በትከሻቸው የመጥረጊያ እንጨት ተሸክመው የፊትና የኋላ እግር ሆኑ። በውሻው ሥርዓት ሲሄዱ ከግመል ጋር ያደጉት ልጆች፣ "አይደለም፣ አይደለም" አሉ። በጎን ሥርዓት ሲሄዱ እንጨቱ ወዲያና ወዲህ ማዘንበል ጀመረ፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ አዎ አለ። ርዕሰ መምህሩን የቀፈፋቸውን ነገር አገኘነው።

አሁን ችግሩ ሌላ ሆነ። ያን ሁሉ ሥዕል እንደገና ለመሥራት ወረቀት የለንም። እትዬ ከቅዳሜ በፊት ቶጎጫሌ አይወርዱም፤ እስከዚያ ከጠበቅን ለመሣያ ጊዜ አይተርፈንም፣ ሱቃቸው ውስጥ ያለው ጫማ ደግሞ ወረቀቱን አስቀድመን የወሰድንበት ነው። ልጆቹ ፊታቸው ጠቆረ። ያን ጊዜ ነው ያቺ ቤት፣ ካልሲ የተሰጣባት፣ ትዝ ያለችኝ። ፖስተኛው የትም አልሄደም፤ የሄደችው ቤቷ ነበረች። የእኛም ግመል የትም መሄድ የለባትም። የግራና የቀኝ አንድ አንድ እርምጃ ብቻ፣ ያውም ባለችበት ቦታ፣ ልክ አድርገን ብንሥላት፣ ያንኑ እየደጋገምን ከጀርባዋ ያለውን ምድር ወደ ኋላ ብንስብ፣ እስከፈለግነው ድረስ ትሄዳለች። ጥቂት ወረቀት ይበቃናል። ይህን ሳብራራ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳያዛጋ ሰማኝ።

ለጀርባው ማንም ሐሳብ መስጠት አላስፈለገውም። ልጅቷ የተረፉትን ወረቀቶች በማስቲሽ አያይዛ አንድ ረጅም ወረቀት ሠራች፣ መስኮቱ ላይ ለጠፈችው፣ ከመስታወቱ ማዶ የቆመውን የካራማራን ጫፍ እያየች በእርሳስ ተከተለችው። ተራራው እየዞረ እንዲመጣ የመጨረሻው ጫፍ ከመጀመሪያው መግጠም ነበረበት፤ ስለዚህ ካራማራን በትንሹ ዝቅ አድርገን ቋጨነው። ይህን ለውጥ ማንም እንደማያውቅብን ተማምለናል። ስሱ የግመሏ ወረቀት ከላይ ሲቀመጥ ተራራው ከሥር ደብዘዝ ብሎ ይታያል፣ ልክ በአቧራ ውስጥ በሩቅ እንደሚታየው። ሆዷን በቡኒ ቀለም ባንሞላው ኖሮ ግን ተራራው በሆዷ ውስጥ ያልፍ ነበር።

ከዚያ በኋላ የድሮዎቹ ካርቱኖች አንድ በአንድ ከከብት ተራው ቪዲዮ ጋር ሲስማሙ አየን፤ ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ደስታ ይህ ነበር። ኳሱ መሬት ሲነካ እንደሚጠፈጠፈው የግመል እግርም አሸዋ ሲረግጥ ይሰፋል፣ ሲነሳ ይሰበሰባል፤ ምስል በምስል ሲታይ ግልጽ ነው። እግሯ ከመነሳቱ በፊት አንገቷ ትንሽ ወደ ኋላ ይላል፣ ውሻው ከመዝለሉ በፊት እንደሚወርደው። ልጅቷም ከራሷ አንድ ነገር ጨመረች። ከግመሏ አንገት ሥር ሶማሌዎቹ ኮር የሚሉትን ከእንጨት የተጠረበ ቃጭል ሣለች፤ አንገቷ ሲሄድ ቃጭሉ ወዲያው አይሄድም፣ ዘግይቶ ይደርሳል። የውሻው ጆሮ ነበር። ማንም ሳይነግራት ጆሮውን ወስዳ ቃጭል አደረገችው።

በወላጆች ቀን አዳራሹ ሞላ። የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ ነጋዴዎች፣ ከየገጠሩ የመጡ አባቶችና እናቶች አሉ፤ እትዬም ልጅ ሳይኖራቸው እንደ ወላጅ ለብሰው መጥተው መሃል ላይ ተቀምጠዋል። መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ሸፈንን፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ዘረጋን። ርዕሰ መምህሩ ከፊት ወንበር ላይ ናቸው። ልጅቷ ከጎኔ ቆማ ስልኬን ከትምህርት ቤቱ ፕሮጀክተር ጋር አገናኘች።

ግመሏ ብቅ አለች። የቀኝ ሁለት እግር፣ የግራ ሁለት እግር። ሻኛው ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ካራማራ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ያልፋል፣ ቃጭሉ እየዘገየ ይወዛወዛል። ሳቅ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ከዚያ ከኋላ በኩል አንድ ሰው ግመል ነጂዎች የሚያሰሙትን የምላስ ጠቅታ አሰማ፤ እንድትፈጥን እየነዳት ነው። ሌላው ከወዲያ ማዶ ተቀበለው። አዳራሹ በሙሉ ግመላችንን መንዳት ጀመረ። ያን ጊዜ ሳቁ መጣ፣ ግን እንደፈራነው በእኛ ላይ አልነበረም።

ጢማቸውን በሂና ያቀሉ አንድ አባት ከመቀመጫቸው ተነስተው አንሶላውን በበትራቸው እያመለከቱ በሶማልኛ አንድ ነገር ጠየቁ። ልጅቷ ጆሮዬ ላይ ተረጎመችልኝ፤ የማን ግመል ናት እያሉ ነው። ርዕሰ መምህሩ ወደ ኋላ ሳይዞሩ መለሱላቸው። አዳራሹ አጨበጨበ። ልጅቷ ግን መተርጎሟን ትታ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ቀረች፤ ምን አሉ ብዬ ሁለቴ ጠየቅኳት።

"'የትምህርት ቤቱ ናት፣' አሉ" አለችኝ። "'በረቷም ያ ክፍል ነው።'"

መጻሕፍቱ በማግስቱ ከአስተዳደሩ ቢሮ ጎን ወዳለው ክፍል ገቡ፤ እኛም ተሸክመን አገባንላቸው። ልጅቷ አሁን ሁለተኛ ደረጃ ናት፣ ከሰዓት በኋላ እየመጣች ጀማሪዎቹን ታሠለጥናለች፤ የመጀመሪያ ትምህርቷ ሁልጊዜ ስለ እግር ነው። እትዬ ጫማ ሲያመጡ ወረቀቱን ለብቻ አጣጥፈው ያስቀምጡልናል፣ እንዳይጨማደድም ይቆጣሉ። ልብም ሠርተናል፤ ቀስት የለበትም።

አሁን የእናንተ ተራ ነው። ስልካችሁ ላይ አንድ በእጅ የተሣለ የድሮ ካርቱን ፈልጉ፣ የሚሮጥ ነገር ያለበት ቦታ ላይ አቁሙት፣ ስንት እግር እንዳለው ቁጠሩ። ቀጥሎ በደጃችሁ የሚያልፍ፣ በደንብ አውቀዋለሁ የምትሉት አንድ ነገር ቅረጹ፤ በግ ይሁን፣ ዶሮ ይሁን፣ ጋሪ የሚገፋ ሰው ይሁን። እሱንም እንዲሁ አቁማችሁ እዩት። ከዚያ ከጫማ ካርቶን ስስ ወረቀት አውጡ፣ መስኮታችሁ ላይ ለጥፉ፣ ሣሉት። ወረቀቱን መጀመሪያ መተኮስ አትርሱ።